ፌታል ፍሬም ምንድን ነው?

አሮጌ የጃፓን ቤት ውስጥ ናችሁ እንበል። ሌሊት ነው። ወለሉ ጣውላ ስለሆነ በረገጣችሁት ቁጥር ሲጥ ይላል። ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ሴት ቀስ እያለች ትመጣለች። አንገቷ ተሰብሮ ጭንቅላቷ ተንጠልጥሏል። ሽጉጥ የላችሁም፤ ቢላም የላችሁም። እጃችሁ ላይ ያለው አንድ ያረጀ ካሜራ ብቻ ነው። እና ያንን ካሜራ አንስታችሁ፣ እሷን አስተካክላችሁ፣ ፎቶ ማንሳት አለባችሁ።

ፌታል ፍሬም ማለት ይኼ ነው። ቴክሞ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው የሆረር ጌም ነው። ዳይሬክተሩ ማኮቶ ሺባታ ይባላል። ስሙ እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ፌታል ፍሬም፣ አውሮፓ ውስጥ ፕሮጀክት ዜሮ፣ በጃፓን ደግሞ ዜሮ ብቻ። የጃፓኑ ርዕስ የተጻፈበት ፊደል “ሬይ” ተብሎም ይነበባል። በሌላ ፊደል የሚጻፈው “ሬይ” ደግሞ መንፈስ ማለት ነው። ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ አይደለም ለካ።

የመጀመሪያው ጌም ታሪክ አጭር ነው። ዘመኑ 1986 ነው። ሚኩ ሂናሳኪ የተባለች ልጅ፣ ሂሙሮ በሚባል የተተወ ትልቅ ቤት ገብቶ የቀረውን ወንድሟን ማፉዩን ፍለጋ ትሄዳለች። ካሜራው የእናታቸው ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚንከራተቱት ሙታን በዘፈቀደ የተቀመጡ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ሲሞቱ በነበሩበት ሁኔታ ነው የሚመጡት። ለሥርዓት ተብሎ ዓይኗ የጠፋ አንዲት ሴት አለች። እጇን ዘርግታ እየዳበሰች ትፈልጋችኋለች። እኔን ያስፈራችኝም ያሳዘነችኝም እሷ ናት። አሜሪካ ውስጥ በተሸጠው ሽፋን ላይ “በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ” ተብሎ ተጽፎ ነበር። ቤቱ ይኸውና ብሎ ያሳየ ግን የለም። ማሻሻጫ ነበር፤ ሠርቷልም።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ፤ ምክንያቱም ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ካሜራውን ስታነሱ ስክሪኑ የካሜራው መመልከቻ ይሆናል። መሀሉ ላይ ክብ አለ። መንፈሱን ክቡ ውስጥ ባቆያችሁት ቁጥር የካሜራው ጉልበት ይጠራቀማል። በቀረበ ቁጥር ደግሞ ፎቶው የበለጠ ይጎዳዋል። ከሩቅ ቢያነሱት ምንም አይመስለውም። ታዲያ ከሁሉም የሚበልጠው ፎቶ መንፈሱ ሊይዛችሁ በተወረወረባት ቅጽበት የሚነሳው ነው። ያቺ ቅጽበት ናት ፌታል ፍሬም፤ ገዳይ ፎቶ እንደማለት። ከዚያ በፊት ከተጫናችሁ ፎቶዋ ባከነች። ከዚያ በኋላ ከሆነ ደግሞ አንገታችሁ ተይዟል።

እንግዲህ ተመልከቱ፣ ሌላው የሆረር ጌም ሩጥ ይላል። እዚህ ግን እግሬ አውጪኝ ብዙም አያዋጣም። መንፈስ በግድግዳ ያልፋል፤ ሚኩ ደግሞ ሯጭ አይደለችም። ካሜራው ዓይናችሁ ላይ ሳለ ከጎንና ከኋላ የሚመጣውን አታዩም። የምትፈሩትን ነገር በዓይናችሁ በብረቱ እያያችሁ፣ ፊታችሁ እስኪደርስ ጠብቁ ነው የምትባሉት። ሰው ሲፈራ ዓይኑን ይጨፍናል። ይኼ ጌም የሚቀጣው እሱን ነው።

ካሜራው ውስጥ የሚገባው ፊልምም እንደ ጥይት ነው። በሁለተኛው ጌም 07 የሚባለው ፊልም አያልቅም፤ ግን ደካማ ነው። 90 የተባለው ኃይለኛ ነው፤ ማግኘቱ ነው ጭንቁ። ስለዚህ “ይቺን ለክፉ ቀን” እያሉ መቆጠብ ይመጣል። ክፉው ቀን ሲመጣ ደግሞ እጅ ይንቀጠቀጥና ደህናው ፊልም ግድግዳ ፎቶ አንስቶ ያልቃል። ስንቴ እንደደረሰብኝ አልቆጥርም።

ካሜራና መንፈስን ማገናኘት ከጌሙ በፊትም ነበር። በ1860ዎቹ ዊልያም መምለር የተባለ አሜሪካዊ “የሞቱ ዘመዶቻችሁን ፎቶ ላይ አወጣላችኋለሁ” እያለ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፤ በ1869 በማጭበርበር ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ፣ በነፃም ተለቀቀ። ጃፓኖችም “ሺንሬይ ሻሺን” የሚሉት ነገር አላቸው፤ የመንፈስ ፎቶ ማለት ነው። በ1970ዎቹ ትልቅ ወሬ ነበር። የትምህርት ቤት ጉዞ ፎቶ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ትከሻ ላይ አርፎ ይገኛል፣ ዓይነት ነገር። ጌሙም ይህን አልረሳም። የማያጠቁ፣ መስኮት ላይ ለሁለት ሰከንድ ብቅ ብለው የሚጠፉ መናፍስት አሉ። ቀልጠፍ ብሎ ያነሳቸው ነጥብ ያገኛል፤ በነጥቡም ካሜራው ይሻሻላል።

እስካሁን አምስት ዋና ጌሞች ወጥተዋል። ብዙ ሰው የሚያነሳው የ2003ቱን ሁለተኛውን፣ ክሪምሰን በተርፍላይን ነው። ሚዮና ማዩ የተባሉ መንትያ እህትማማቾች ከካርታ የጠፋች መንደር ውስጥ ይገባሉ። መንደሯ ከመንትዮች የምትፈልገው ነገር አለ። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ፍጻሜውን ካየሁ በኋላ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

አምስተኛው በ2014 ዊ ዩ ለተባለው የኒንቴንዶ የጌም ማሽን ወጣ። የዊ ዩ መጫወቻ መሀሉ ላይ ስክሪን አለው፤ ታብሌት ያክላል። ስለዚህ መጫወቻው ራሱ ካሜራ ሆነ። መንፈሱ ከላይ ከመጣ እጃችሁን ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ከጎን ከመጣ ወደ ጎን መዞር። በ2021 ለሌሎች ማሽኖችና ለኮምፒውተር ሲወጣ ጌሙ ያው ነው፣ ያቺ ስክሪን ግን ቀረች። በዊ ዩ ሲጫወት የነበረን ሰው በር ከፍቶ ያየው፣ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ቆሞ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ ባዶ ግድግዳ ፎቶ ሲያነሳ ነው የሚያገኘው።