አምሃ ሬከርድስና የዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ

አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 አዲስ አበባ ውስጥ የሠራ የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ነው። ባለቤቱ አምሃ እሸቴ ነበር። የመጀመሪያዋ ሸክላ ደግሞ የድምፃዊው የዓለማየሁ እሸቴ ናት። የአባታቸው ስም አንድ ስለሆነ ወንድማማቾች የሚመስሉት ሰው አይጠፋም፤ ዝምድና ግን የላቸውም።

ነገሩ የተጀመረው በድፍረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትም የማሳተምም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከተማዋ ተለውጣለች። የምሽት ክበቡ ደርቷል፣ ወጣቱ ሶል በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ይጨፍራል፣ አዲሱን የአማርኛ ዘፈን ግን በሸክላ የሚያወጣለት የለም። ሙዚቃ ቤት የነበረው አምሃ ይህ ቆጨው። ቢበዛ ያስሩኝ ይሆናል እንጂ አይገድሉኝም ብሎ ገባበት። አልታሰረም። ሌሎችም ተከተሉት።

ዓለማየሁ ያኔ የፖሊስ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር። አሜሪካውያኑን ዘፋኞች ኤልቪስንና ጄምስ ብራውንን እያየ ፀጉሩን አበጠረ፣ መድረክ ላይ መወዛወዝ ለመደ። «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ያሉት ለዚህ ነው። እኔ ግን ስሙ ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ጩኸቱ የሶል ቢሆንም የድምፁ እጥፋት የራሳችን ነው። «ተማር ልጄ»ን ያዳመጠ ይመሰክራል፤ እንደ አባት ቁጭ ብሎ ይመክራል እንጂ አይጮህም። የብዙ ዘፈኖቹን ቅንብር የሠራለት ግርማ በየነ ነው። ግርማ ለድምፃዊው ቦታ መልቀቅ ያውቅበታል፦ ጥሩንባዎቹ ብቅ ብለው ይመለሳሉ፣ ስንኙ ሲመጣ ባንዱ ዝቅ ይላል። በአንድ የሸክላ ገጽ ላይ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የሚባክን ነገር የለም።

አምሃ በነዚያ ስድስት ዓመታት 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አሳተመ። የማህሙድ አህመድ፣ የጌታቸው ካሳ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች እዚያ ይገኛሉ። ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሕይወት ዘጋው። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ዋሽንግተን ላይ ብሉ ናይል የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ። ዓለማየሁ ግን አገሩ ቀረ፤ መዝፈኑንም አልተወም።

ያ ሥራ ዳግም የተሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር ነው። 9ኛውና 22ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ናቸው። ዓለማየሁ በስተርጅና ከቦስተኑ ኢይዘር ኦርኬስትራ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ላይ ዘፈነ። ይህ ሁሉ የሆነው ሸክላው ስለነበረ ነው። በዚያው ዘመን በክበብ ብቻ ዘፍነው ያለፉ ስንቶቹ ዛሬ ስማቸው እንኳ አይነሳም።

አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ አምሃ በኤፕሪል፣ ዓለማየሁ በሴፕቴምበር። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ናቸው፤ ዋጋቸውም አይቀመስም።