ለደስታ ማንበብ በወሎ

ለደስታ ማንበብ ማለት ፈተና ሳይደርስ፣ ማንም ሳያዝ፣ ደስ ስላለ ብቻ ማንበብ ነው። ልብ ወለድ ይሁን፣ ግጥም፣ የታሪክ መጽሐፍ ወይም የስፖርት ጋዜጣ፣ ለውጥ የለውም። ዋናው ነገር አንባቢው ራሱ መምረጡ ነው። ካልጣመው ደግሞ መሃል ላይ ትቶ ሌላ ያነሳል።

ወሎ ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለም። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ስመ ጥር የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፈው የገዳሙ ወንጌል እስከ እኛ ጊዜ ደርሷል። ዳናና ጀማ ንጉሥ የተባሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎችም ደረሶች፣ ማለትም ተማሪዎች፣ ከሩቅ እየመጡ የሚማሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉ ነበር። ዐጀሚ የሚባለው ይሄ ነው። ብዙ መንዙማ ተጽፎ የቆየው በዚህ መንገድ ነው። አንድ አገር ላይ አንድ አማርኛ በሁለት ፊደል ተጽፏል። ከወሎ ታሪክ እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

ልጅ ወደ ንባብ የሚገባበት በር ግን ጠበቅ ያለ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት እስኪደግም ከየኔታ ፊት አይነሳም። የቁርኣን ቤቱም ልጅ ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የተጻፈለትን በቃሉ እስኪይዝ ይደጋግማል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ደግሞ ፈተናን ይዞ መጣ። ደስታው ሌላ ቦታ ነበር። ቡናው እየፈላ፣ እሳት ዳር፣ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ ከአቦል እስከ በረካ ንቅንቅ አይልም። ጆሮው በታሪክ ጠግቧል። መጽሐፍ ግን የሥራ ዕቃው እንጂ መዝናኛው አልነበረም።

ስለ ንባብ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የሚያመዝኑት ወደ ደስታው ነው። ኦኢሲዲ የተባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 በብዙ አገሮች የ15 ዓመት ተማሪዎችን በንባብ ፈትኖ ነበር። በወላጆቻቸው ኑሮ ዝቅ ያሉ፣ ንባብን ግን የሚወዱ ልጆች፣ ኑሯቸው የተሻለ ሆኖ ንባብ ከማይወዱት በልጠው ተገኙ። እንግሊዝ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1970 የተወለዱ 6,000 ገደማ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት አለ። በራሳቸው ፍላጎት ያነቡ የነበሩት ከ10 እስከ 16 ዓመታቸው ባለው ጊዜ በቃላትና በፊደል አጻጻፍ ብቻ ሳይሆን በሒሳብም የበለጠ አድገዋል። ሒሳብ ምን አገናኘው ይባል ይሆናል። የሒሳቡንም ጥያቄ አንብቦ መረዳት የግድ ነው።

በአማርኛ ሲሆን ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ፊደላችን ሆሄው ብዙ ነው። እሱ በልፋት ይለመዳል። መከራው መጥበቅና መላላቱ ነው፤ አይጻፍማ። «ገና» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «አለ»ም እንደዚያው፣ ወይ ተናገረ ነው ወይ ይገኛል። ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት የለም። ልጁ የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ስሜት ነው። ይሄ በሕግ ተነግሮ አይገባም፣ ብዙ በማንበብ ብቻ ይመጣል። ብዙ የሚያነብ ደግሞ የጣመው ልጅ ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። እንዴት ይጣመው?

ለአዋቂም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ማንበብ፣ የገበታ ጨዋታ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትና ዳንስ የሚያዘወትሩት ላይ የመርሳት በሽታ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 3,635 አሜሪካውያንን ለ12 ዓመት ተከታትሏል። መጽሐፍ አንባቢዎቹ ከማያነቡት በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል። በእርግጥ ጤናው የተሟላ ሰው ለማንበብም ይመቸዋል። ስለዚህ ዕድሜውን የጨመረው መጽሐፉ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቶችና አባቶች በየቀበሌው ፊደል ቆጥረዋል። ብዙዎቹ ግን ከዚያ በኋላ የሚያነቡት አላገኙምና ፊደሉ ጠፋባቸው። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ማንበብ ያስተማርነውን ሰው የሚጥም ነገር ካልሰጠነው ድካሙ መና ይቀራል። በዚያ መሃል ሬዲዮ ትልቅ ውለታ ውሏል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት መጽሐፍ ገዝቶ ለማያውቅ ቤተሰብ ልብ ወለድን በጆሮው አድርሷል።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ተዘርፈዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም አልተረፈም። ወንበርና ሰሌዳ ሲተካ የልጆች ታሪክ መጽሐፍ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፣ እንደ ቅንጦት ስለሚታይ። አይደለም፣ አብሮ መተካት ያለበት ነው።

መጽሐፍ ትንሽ ባለበት ቤትም ንባብ ይጀመራል። ቡና ሲፈላ ሁሉም ቤት ውስጥ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአንድ አጭር ታሪክ ይበቃል፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። የሚነበበውን ልጁ ይምረጥ። ትናንት ያነበበውን ዛሬም ከመረጠ አይከልከል፣ ሲደጋግመው ነው ምላሱ የሚፈታው። ፊደል የማያውቁ አያት ካሉም ተረቱን እሳቸው ያወራሉ፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። በማግስቱ መልሶ ሲያነብላቸው ደግሞ «አይ፣ እዚህ ጋ ጅቡ ገና አልመጣም» እያሉ ያርሙታል።