ከሲሪያል ካርቶን የሚወጣው ስጦታ

አሜሪካ ውስጥ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ያደገ ሰው ስለ ልጅነት ቁርሱ ሲያወራ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያነሳው ጣዕሙን አይደለም። ከካርቶኑ ውስጥ ያገኘውን ነገር ነው። ትንሽ የፕላስቲክ መርከብ፣ ፊሽካ፣ የብስክሌት ታርጋ፣ የቤዝቦል ተጫዋች ፎቶ። ሲሪያሉ በሳምንት ተበልቶ ያልቃል። ስጦታው ግን ኪስ ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ከጓደኛ ጋር ይለወጣል፣ አንዳንዱም እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ሲሪያል ከበቆሎ፣ ከስንዴ፣ ከሩዝ ወይም ከአጃ ተሠርቶ በቀዝቃዛ ወተት የሚበላ ደረቅ ቁርስ ነው። እኛ ዓይነቱን ሳንለይ ሁሉንም ኮርንፍሌክስ እንላለን። ከእሱ ጋር ስጦታ የመስጠት ልማድ የተጀመረው አሜሪካ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከታካሚ ማዕድ ወደ ገበያ

የነገሩ መነሻ ሚሺጋን ውስጥ ያለችው ባትል ክሪክ ከተማ ናት። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1866 እዚያ አንድ የሕክምናና የማገገሚያ ተቋም ከፈተች። ተቋሙን ለረጅም ዘመን የመሩት ዶክተር ጆን ሃርቪ ኬሎግ ናቸው። ሥጋ፣ ቡናና ቅመም የበዛበት ምግብ ጤና ያውካል ብለው አጥብቀው ያምኑ ነበር። ይህችን ቤተ ክርስቲያን የእኛም ሰው በሕክምና ሥራዋ ያውቃታል። አዲስ አበባ ያለው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል መንግሥት እስኪወርሰው ድረስ በአድቬንቲስቶች ሲተዳደር የቆየ ነው።

በ1894 ዶክተሩና ታናሽ ወንድማቸው ዊል ኪት ኬሎግ ተቀቅሎ ያደረ ስንዴ በመዳመጫ ውስጥ አሳለፉ። እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ተዳምጦ እንደ ስስ ቅርፊት ወጣ። ሲጠበስ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ሆነ። ታካሚዎቹ ወደዱት። በኋላ በቆሎም ተሞከረ፤ እሱ ደግሞ የበለጠ ተወደደ።

ዊል ኪት የንግድ ሰው ነበር። በ1906 የራሱን ኩባንያ አቋቁሞ የበቆሎውን ፍሌክስ ገበያ ላይ አዋለው። ስኳር መጨመሩን ዶክተሩ አልወደዱትም። በስሙ ጉዳይም ወንድማማቾቹ ተካሰው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። በዚያው ተቋም ታክሞ የነበረው ሲ. ደብሊው. ፖስትም እዚያው ከተማ ፋብሪካ ከፍቶ በ1897 ግሬፕ ናትስ የተባለውን ሲሪያል አወጣ። የፖስትን ትርፍ ያየ ሁሉ ወደ ባትል ክሪክ ጎረፈ።

አሁን አንድ ችግር መጣ። የአንዱ ፍሌክስ ከሌላው ብዙም አይለይም። ገዢው የእኔን እንጂ የዚያኛውን እንዳያነሳ ምን ላድርግ? የኬሎግ ኩባንያ መልስ የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ፓኮ ለገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ ይሰጥ ነበር። ገጾቹ በአግድም ተቆራርጠዋል። አንዱን ቁራጭ ስትገልጠው የአንበሳው ራስ ከዝሆኑ ሆድ ጋር፣ ሌላውን ስትገልጠው ከአዞው እግር ጋር ይገጥማል። ከ1909 ጀምሮ ደግሞ 10 ሳንቲም በፖስታ ለላከ ሁሉ ይላክለት ጀመር። በ23 ዓመት ውስጥ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሰራጭቷል።

እኔ ትልቁን ለውጥ የማየው እዚህ ጋ ነው። እስከዚያ ድረስ ለቤቱ አስቤዛ የምትመርጠው እናት ነበረች። መጽሐፉ ከመጣ በኋላ ግን ልጁም ሱቅ ውስጥ አስተያየት ያለው ሰው ሆነ። «ይሄኛውን ግዢልኝ» የሚልበት ምክንያት አገኘ። ኩባንያዎቹ ያሰቡት ሽያጫቸውን እንደሆነ ግልጽ ነው። ልጁ ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሳይመርጥለት ራሱ ያገኘው፣ የራሱ የሆነ ንብረት።

ክዳን ቆርጦ መላክ

በ1930ዎቹ ሬዲዮ እቤት ገባ። የሲሪያል ኩባንያዎች ከሰዓት በኋላ የሚተላለፉ የልጆች ድራማዎችን ስፖንሰር ያደርጉ ጀመር። ዊቲስና ራልስተን የተባሉት ሲሪያሎች በዚህ ይታወቃሉ። በድራማው መሀል ጀግናው የሚጠቀምበት ኮምፓስ ወይም የምስጢር ቀለበት ይነሳል። ድራማው ሲያልቅ አስተዋዋቂው ያንኑ ዕቃ ልጆቹም ማግኘት እንደሚችሉ ይነግራቸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጁ ካርቶኑ ባዶ እስኪሆን ይበላል፣ ወይም እናቱን ለምኖ ክዳኑን ቀድሞ ይቆርጣል። ክዳኑንና ጥቂት ሳንቲሞችን ፖስታ ውስጥ ይከታል። አድራሻውን በጥንቃቄ ይጽፋል፣ ቴምብር ይለጥፋል፣ ይልካል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ስድስት ሳምንት፣ ስምንት ሳምንት። ለልጅ ስድስት ሳምንት ማለት ዘመን ነው። በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በስሙ የተጻፈ ጥቅል ሲደርሰው፣ ለብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነበር።

ከእነዚህ ስጦታዎች ሁሉ የሚገርመኝ የ1947ቱ ቀለበት ነው። ጄኔራል ሚልስ የተባለው የሲሪያል ኩባንያ ለኪክስ ሲሪያሉ ያወጣው «የአቶሚክ ቦምብ ቀለበት» ዋጋው አንድ የኪክስ ክዳንና 15 ሳንቲም ነበር። በቀለበቱ ላይ የብር ቀለም ያላት የቦምብ ቅርጽ ተቀምጣለች። ቀዩን የጅራት ክፍል ስትነቅለው ከውስጥ ትንሽ ሌንስ ይወጣል። ጨለማ ክፍል ገብተህ፣ ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ቆይተህ በሌንሱ ስታይ፣ ውስጡ ብልጭ ድርግም የሚሉ የብርሃን ነጥቦች ይታያሉ። ብልጭታው የማታለያ አልነበረም። ቀለበቱ ውስጥ ፖሎኒየም 210 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በጣም ጥቂት ነበር። ከእሱ የሚፈናጠሩት አልፋ ቅንጣቶች ውስጡ ያለውን ትንሽ ስክሪን ሲመቱ እያንዳንዱ ምት ብርሃን ይፈጥራል። በሌላ አነጋገር ልጁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የአቶም መፈራረስ ያይ ነበር። ሂሮሺማ ከተመታች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ዛሬ ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የፖሎኒየሙ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ ፈርሶ የሚያልቅበት ጊዜ፣ ግን 138 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ሰብሳቢዎች እጅ ያሉት ቀለበቶች ብልጭታ ካቆሙ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

በ1950ዎቹ ደግሞ የኬሎግ ሰርጓጅ መርከብ መጣ። ከጣት ብዙም የማትበልጥ ፕላስቲክ ናት። ከሥሯ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ቤኪንግ ፓውደር ትሞላና ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ትጥላታለህ። መጀመሪያ ትሰጥማለች። ከዚያ ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ጋዝ ይፈጥራል፤ አረፋው ከሆዷ ሥር ይጠራቀምና ወደ ላይ ያነሳታል። ላይ ስትደርስ ትንሽ ጋደል ትላለች። አረፋው ቡልቅ ብሎ ያመልጣል፣ እሷም ተመልሳ ትሰጥማለች። ዱቄቱ እስኪያልቅ ይህንኑ ትደጋግማለች። ባትሪ የለ፣ ሞተር የለ። አንድ የኬሚስትሪና አንድ የፊዚክስ ትምህርት በጥቂት ሳንቲም ማለት ነው። እንደዚህ ታስቦበት የተሠራ ርካሽ መጫወቻ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

እጅ እስከ ክርን

ስጦታውን ካርቶኑ ውስጥ ማስገባቱ የገነነው ከ1945 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ኬሎግ ፔፕ በተባለው ሲሪያሉ በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ በመርፌ የሚሰካ ክብ የቆርቆሮ ባጅ ጨመረ። መጀመሪያ የጦር ክፍሎች ዓርማ ነበር፤ ቀጥሎ የጋዜጣ ካርቱን ገጸ ባሕርያት ሆኑ። ልጆች ኮፍያቸው ላይ ደርድረው ይሰኩት ነበር።

ከዚህ በኋላ የቁርስ ጠረጴዛው ሰላም አጣ። ስጦታው አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶኑ ሥር ነው የሚገኘው። በተራ የሚጠብቅ ልጅ የለም። እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ይከትና ፍሌክሱን እያደቀቀ ይበረብራል። ብልጡ ልጅ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አምጥቶ ካርቶኑን በሙሉ ይገለብጣል፣ ስጦታውን ለቅሞ የቀረውን መልሶ ይሞላል። እናት ትቆጣለች። ወንድምና እህት ይጣላሉ። ብዙ ቤት ውስጥ «ከሳህንህ ውስጥ የወደቀ የራስህ ነው» የሚል ሕግ ወጣ፤ ሌላው ቤት ተራ ያዘ። ኋላ ላይ ስጦታው በውስጠኛው ላስቲክና በካርቶኑ መሀል መቀመጥ ጀመረ። ያኔ ደግሞ ካርቶኑን በጎን በኩል መቅደድ መጣ።

ስጦታዎቹ በስብስብ ይወጣሉ፣ የትኛው እንደሚደርስህ ግን አታውቅም። አንድ ዓይነት ሦስቴ የደረሰው ልጅ ትምህርት ቤት ይዞ ይሄድና ይለውጣል። አዲስ አበባ ውስጥ የማስቲካ ስቲከር ያጠራቀመ ወይም ቆርኪ የሰበሰበ ሰው ስሜቱን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

በ1955 ኩዌከር ኦትስ የተባለው የሲሪያል ኩባንያ ካርቶን ውስጥ የከተተው መጫወቻ አልነበረም፤ መሬት ነበር። በካናዳ ዩኮን ግዛት፣ ዶውሰን ከተማ አጠገብ 19.11 ኤከር መሬት ተገዛ። ከዚያ መሬት ላይ 21 ሚሊዮን አንድ አንድ ካሬ ኢንች ቦታ ተሸነሸነ። ለእያንዳንዱ ኢንች ማኅተም ያለው የሚመስል፣ ቁጥር የተጻፈበት ውብ የይዞታ ወረቀት ታተመ። ካርቶኖቹ ወዲያው አለቁ። ወረቀቶቹ በየስማቸው ተመዝግበው ስለማያውቁ በሕግ ፊት ዋጋ አልነበራቸውም። 37.20 ዶላር ውዝፍ ግብር ስላልተከፈለበት የካናዳ መንግሥት በ1965 መሬቱን መልሶ ወሰደው። ከአያት ሻንጣ ውስጥ ወረቀቱን ያገኙ ሰዎች ግን «መሬታችን የት ደረሰ?» እያሉ ለዩኮን ባለሥልጣናት መጻፋቸውን ከዚያም በኋላ አላቆሙም።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓይነቱ በዛ። ፖስት ከ1961 እስከ 1963 የቤዝቦል ተጫዋቾችን ካርድ ካርቶኑ ጀርባ ላይ አትሞ በመቀስ እንዲቆረጥ አደረገ። ኬሎግ በ1970 ጥልቀት ያላቸው የሚመስሉ ካርዶች ማውጣት ጀመረ። ከካርቶኑ ጀርባ ተቆርጦ ሸክላ ማጫወቻ ላይ የሚዘፍን የወረቀት ሸክላም ነበር። ሃኒኮምብ የተባለው ሲሪያል የየግዛቱን ትንንሽ የብስክሌት ታርጋ ሰጠ።

ካፕን ክራንች የተባለው ሲሪያል የዚያን ዘመን ፊሽካ ግን ከሁሉም ርቆ ሄደ። አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ፊሽካው የሚያወጣው ድምፅ 2600 ኸርዝ ነበር። የስልክ ኩባንያው የኤቲ ኤንድ ቲ የረጅም ርቀት መሥመሮች «መሥመሩ ነፃ ነው» ይባባሉ የነበረው በዚሁ ድምፅ ነው። ይህን መጀመሪያ የደረሱበት የጆሮ ስጦታ ያላቸው ማየት የተሳናቸው ወጣቶች ናቸው። ከእነሱ የሰማው ጆን ድሬፐር ካፒቴን ክራንች በሚል ቅጽል ስም እስከ ዛሬ ይታወቃል። የስልክ መሥመርን በድምፅ አታልለው በነፃ የሚያስደውሉ «ሰማያዊ ሳጥን» የሚባሉ መሣሪያዎች ተሠሩ። ኋላ የኮምፒውተር ኩባንያውን አፕልን ከስቲቭ ጆብስ ጋር የመሠረተው ስቲቭ ዎዝኒያክም ሠርቶ ከጆብስ ጋር ለተማሪዎች ይሸጥ ነበር። ጆብስ በኋላ ያ ሥራ ባይኖር አፕልም አይኖርም ነበር ብሎ ተናግሯል።

ስኳሩ፣ ቴሌቪዥኑና ክርክሩ

ስጦታውን ብቻ አንስቶ ስኳሩን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሪያል እየጣፈጠ ሄደ። ኬሎግ በ1952 ስኳር የተለበሰውን ፍሌክስ መለያው ከሆነው የካርቱን ነብር ከቶኒ ጋር አመጣ። በ1953 የወጣው ሹገር ስማክስ ከክብደቱ 56 በመቶው ስኳር ነበር። የቅዳሜ ጠዋት የካርቱን ፕሮግራሞች መሀል የየሲሪያሉ መለያ የሆኑት ነብሩ፣ ጥንቸሉና ካፒቴኑ እየተፈራረቁ ስጦታውን ያሳያሉ። ልጁ ሲሪያሉን የሚፈልገው ለስጦታው ሲል ነው፤ የሚበላው ግን ስኳሩን ነው። የወላጆቹ ቅሬታ ትክክል ነበር።

በ1970 ሮበርት ቾት የተባለ የተጠቃሚዎች ተሟጋች በአሜሪካ ሴኔት ቀርቦ ብዙዎቹ ሲሪያሎች ገንቢነታቸው ዝቅተኛ መሆኑን ዘርዝሮ አስረዳ። በ1978 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለልጆች የሚቀርቡ የጣፋጭ ምግብ ማስታወቂያዎችን ለመገደብ ተነሳ። ኩባንያዎቹ ተሟገቱ፣ ኮንግረሱም በ1980 የኮሚሽኑን እጅ አሰረ። ትንንሽ የመጫወቻ ክፍሎች ሕፃን እንዳያንቁ የወጣው ደንብ ግን ጸና። በዚህ ላይ የፕላስቲኩና የማሸጊያው ወጪ አለ። ስጦታዎቹ እየሳሱ፣ ስቲከርና ወረቀት እየሆኑ መጡ።

የመጨረሻው ትልቅ ስጦታ ለእኔ የ1996ቱ ቼክስ ክዌስት ነው። ሙሉ የኮምፒውተር ጨዋታ በሲዲ ተቀድቶ ቼክስ የተባለው ሲሪያል ካርቶን ውስጥ ገባ። የተሠራው ዱም በተባለው ታዋቂ የተኩስ ጨዋታ ሶፍትዌር ላይ ቢሆንም ደም የለበትም፤ ጭራቆቹ ሳይሞቱ ወደመጡበት ይመለሳሉ። በቤታቸው ኮምፒውተር ገና ገብቶ፣ ጨዋታ መግዣ ገንዘብ ላልነበራቸው ልጆች ትልቅ ነገር ነበር። በዋሽንግተን ዙሪያ ያደጉ የሀበሻ ልጆችም የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት እናት ፍርፍር እየሠራች እነሱ ካርቶን ይጎረጉሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕቃው በኮድ ተተካ። ድረ ገጽ ገብተህ ቁጥር ታስገባለህ፣ ወይም በስልክህ ስካን ታደርጋለህ። ክዳን መቁረጥ የቀጠለው ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ለማሰባሰብ ጄኔራል ሚልስ በ1996 በጀመረው ፕሮግራም ነበር። አንዱ ክዳን ለትምህርት ቤቱ 10 ሳንቲም ያስገኝ ነበር። በ2019 እሱም ደረሰኝ በስልክ ወደ ማንሳት ተቀየረ።

ዕቃዎቹ ዛሬ በሰብሳቢዎች መካከል ይሸጣሉ፣ ይለወጣሉ። የፔፕ ባጆች፣ ሰርጓጅ መርከቦች፣ የዩኮን ወረቀቶች በየጨረታው ይወጣሉ። በብዛት ስለታተሙ የመሬት ወረቀቶቹ ያን ያህል ብርቅ አይደሉም። አስቸጋሪው ካርቶኑን ማግኘት ነው። ልጆች ስጦታውን አስቀመጡ፣ እናቶች ካርቶኑን ጣሉ። ስለዚህ ሳይቀደድ የተረፈ የ1950ዎቹ ባዶ ካርቶን ብዙ ጊዜ ውስጡ ከነበረው ስጦታ ይልቅ ውድ ነው።