የግርጌ ቁጥሩን ማን ይከፍተዋል?

«ማንም ስለሚጽፍበት ዊኪፔዲያ አይታመንም»

ይህን ያልሰማ ተማሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር የተባለው መጽሔት በ42 የሳይንስ ርዕሶች ላይ በዊኪፔዲያና ብሪታኒካ በተባለው የታወቀ መዝገበ ዕውቀት የተጻፈውን ለባለሙያዎች ሰጥቶ አስመረመረ። በአማካይ በአንድ የዊኪፔዲያ ጽሑፍ አራት፣ በአንድ የብሪታኒካ ጽሑፍ ሦስት ገደማ ስሕተት ተገኘ። ብሪታኒካ ውጤቱን አጥብቆ ተቃውሟል። ያም ሆነ ይህ፣ የተጠበቀው የሰማይና የምድር ልዩነት አልታየም። የተመረመረው ግን ሳይንስ ብቻ ነበር፤ ስለ ፖለቲካና ስለ ሕይወት ታሪክ ምንም አይነግረንም።

«ስሕተት ቢገባ ወዲያው ይታረማል»

ስድብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይጠፋል። ጨዋ መስሎ የገባ ውሸት ግን ዕድሜው ረጅም ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ፈጠራ በ2005 አራት ወር ያህል ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ከዚህ የባሰው የቢኮሊም ጦርነት ነው፦ በሕንድ፣ በጎዋ፣ በፖርቱጋሎችና ማራታ በተባለው የሕንድ መንግሥት መካከል ተደረገ የተባለ፣ ጨርሶ ያልተደረገ ጦርነት! ገጹ ከ2007 እስከ 2012 መጨረሻ ቆየ፤ «ጥሩ ጽሑፍ» የሚል ማዕረግም ተሰጥቶት ነበር።

«የግርጌ ቁጥር ካለው ተረጋግጧል ማለት ነው»

የቢኮሊም ጦርነት ገጽም የግርጌ ቁጥሮች፣ ማለትም ከዐረፍተ ነገር ጎን ሆነው ወደ ምንጩ የሚመሩ ትንንሽ ቁጥሮች፣ ነበሩት፤ የተጠቀሱት መጻሕፍት ግን ሲፈለጉ አልተገኙም። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን አመለካከት ነው፤ ቁጥሩን ዓይተን እንረካለን እንጂ አንከፍተውም። «መድኃኒቱ ሕመሙን ያድናል» ከሚል ዐረፍተ ነገር ጎን 4 ቁጥር አለ እንበል። ሲከፈት ምንጩ የሚለው «በአይጦች ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል» ሊሆን ይችላል። ምንጩ እውነተኛ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን ከምንጩ አልፎ ሄዷል። አንዳንዴም ጋዜጠኛ ከዊኪፔዲያ ይቀዳል፤ በኋላ ዊኪፔዲያ ያንኑ ጋዜጣ ምንጭ ያደርገዋል። ስለዚህ የምንጩን ቀን ከገጹ የለውጦች ታሪክ ጋር አስተያዩ፤ ዐረፍተ ነገሩ ከጋዜጣው ቀድሞ ተጽፎ ከነበረ ነገሩ ክብ ሠርቷል።

«በየቋንቋው ያለው አንድ ነው፣ ትርጉም ነው»

አይደለም። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ጸሐፊዎች አሉት።

«ትክክል ከሆነ ለሥራዬ ይሆናል»

የአንድ ከተማ የሕዝብ ብዛት በትክክል ከቆጠራ ተወስዶ፣ ቆጠራው ግን ያረጀ ሊሆን ይችላል። ከገጹ ግርጌ ያለው የመጨረሻ ለውጥ ቀን አያታላችሁ፤ ትናንት የተለወጠው አንዲት ነጠላ ሠረዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው ሕዝቡ የተቆጠረበት ዓመት ነው፤ እሱም ከሕዝቡ ብዛት አጠገብ ካልተጻፈ ያው ምንጩን መክፈት ነው።