ባዮሎጂ ሽምደዳ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጎጃም ውስጥ በባዮሎጂ የሚለፋ ተማሪ ብዙ ነው። ልፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ቦታውን ይስታል።

«ባዮሎጂ ሽምደዳ ነው።»
ስሞቹ መያዝ አለባቸው፣ እሱ እውነት ነው። ሂደቱ ካልገባ ግን ስሙ ብቻውን አያዋጣም። ብዙ ተማሪ «ተክል ቀን ፎቶሲንተሲስ (በብርሃን ምግቡን መሥራት) ያካሂዳል፣ ማታ ይተነፍሳል» ብሎ ይይዛል። ተክል ግን ቀንም ማታም ይተነፍሳል። ቀን ላይ በፎቶሲንተሲስ የሚወጣው ኦክስጅን ለመተንፈስ ከሚውለው ስለሚበልጥ ነው መተንፈሱ ሳይታይ የሚቀረው። ይህን የሳተ ልጅ ምዕራፉን ደጋግሞ ቢያነብም ስህተቱን እንደያዘ ያልፋል። የሚረዳው እዚያው ነጥብ ላይ ያነጣጠረ አንድ ገጽ ነው፦ ሁለቱን ሂደቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሠንጠረዥ፣ ከሥሩም «እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ውስጥ የሚካሄደው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ።

«ሃንድአውት በበዛ ቁጥር ውጤት ይጨምራል።»
አይጨምርም። መጀመሪያ ተፈተኑ፣ የሳታችሁትን በርዕስ ለዩ። ማይቶሲስና ማዮሲስ (ሁለቱ የሴል አከፋፈል ዓይነቶች) ከተምታቱባችሁ የዚያን ሳምንት ስለ እነሱ ብቻ ሥሩ።

«ደጋግሞ ማንበብ ይበቃል።»
ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን ፈትነውታል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን የጻፉት በለጡ። ፈተና ደግሞ ካነበቡ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

«የድሮ ፈተና መልስ መያዝ ነው።»
ፊደሉን ሳይሆን የቀሩት ሦስት አማራጮች ለምን ስህተት እንደሆኑ ያዙ።

«ላብራቶሪ ከሌለ ሙከራ የለም።»
የላብራቶሪ እጥረቱ ያሳዝናል፣ መፍትሔም ይፈልጋል። እስከዚያው ግን ጎጃም ድንች አያጣም። እኩል ሁለት ቁራጭ ቁረጡ፤ አንዱን ንጹህ ውሃ፣ ሌላውን ብዙ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት የመጀመሪያው ጠንከር ብሎ፣ ሁለተኛው ለስልሶ ይገኛል። ምክንያቱን ተማሪውን ጠይቁት። «ጨው ስለገባ ነው» ካለ ክፍተቱ ተገኘ ማለት ነው፤ ውሃው ከድንቹ ሴሎች እንደወጣ አልገባውም። ቀጣዩ ወርክሺት ስለ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በሴል ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት ስለመሄዱ፣ ይሁን። መጀመሪያ በአማርኛ ያስረዳ፣ ከዚያ በፈተናው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሁለት መስመር ይጻፍ።