መድኃኒት የተላመደ ሊምፎማ ምንድን ነው?

ኮዬ ፈጬ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ሊምፎማ (ሊምፎሳይት የሚባሉት የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር) ታክመው፣ የአንገታቸው እብጠት ጠፍቶ፣ ዓመት ሳይሞላ ተመለሰባቸው። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው መሰለኝ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸዋል። ሌላም አሳስቧቸዋል፦ በሽታው ታውቆ ሳለ ሐኪሞቹ ለምን ደግመው ናሙና ይወስዳሉ?

የለመደው የእሳቸው ሰውነት አይደለም፤ የካንሰሩ ሴሎች ናቸው። «መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ሰንዳፋ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ቱ ፎርዲ ሲረጭ ቅጠለ ሰፊው አረም ይደርቃል፣ ሲናሩ ይቀራል። ሲናሩን ያ መርዝ ቀድሞም አይገድለውም፤ ሌላው ሲጠፋለት ተንሰራፋ። ሊምፎማም እንዲሁ ነው፦ ከብዙዎቹ ሴሎች ጥቂቶቹ በተፈጠረባቸው ለውጥ ምክንያት ይተርፋሉ፣ ከዚያ ይራባሉ።

የሚተርፉበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ ያበዛሉ፤ ፓምፑ እንደ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን ያሉ የካንሰር መድኃኒቶችን ሥራቸውን ሳይጨርሱ ከሴሉ ያስወጣል። ፓምፑ የታወቀው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። በቬራፓሚልና በሌሎች ውህዶች ሊዘጉት ተሞክሮ ውጤቱ ብዙ አላረካም፤ ያው ፓምፕ አንጀትንና አንጎልን ከመርዝ ይጠብቃልና። ሌሎቹ ሴሎች ቢሲኤል-2 የተባለውን ፕሮቲን አብዝተው ከመሞት ያመልጣሉ፤ ቬኔቶክላክስ የሚባለው መድኃኒት የተሠራው እሱን ለመያዝ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ኢብሩቲኒብ የሚባለው መድኃኒት ታሪክ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማንትል ሴል ለሚባለው የሊምፎማ ዓይነት ተፈቀደ። የካንሰሩ ሴሎች ለመኖር የሚመኩበትን ቢቲኬ የተባለ ኤንዛይም፣ 481ኛው ቦታ ላይ ካለው ሲስቲን ከሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ጋር ላይላቀቅ ተጣብቆ ያቆመዋል። በአንዳንድ ታካሚዎች ሲስቲኑ ሴሪን በሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ይተካል፤ ያኔ መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ያጣል። አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ! ተመራማሪዎች ያንን ቦታ ሳይፈልግ ቢቲኬን የሚይዝ ፒርቶብሩቲኒብ ሠሩ፤ በ2023 ተፈቀደ። እሱንም የሚያመልጡ ሌሎች ለውጦች ታይተዋል፤ ሥራው አላለቀም።

ለእማማ ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ናሙና የሚያሳየው ከሕክምናው በፊት የነበሩትን ሴሎች ነው። የተመለሰው ሊምፎማ ባሕርዩን፣ አንዳንዴም ዓይነቱን ቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጣዩ መድኃኒት የሚመረጠው የተረፉት ሴሎች ታይተው ነው።