ከእንጨት በእጅ የሚሠራ የወፍ መመገቢያ

የወፍ መመገቢያ የዱር ወፎች መጥተው እንዲለቅሙ ጥሬ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ከፕላስቲክም ከብረትም ይሠራል። በገዛ እጁ ለሚሠራ ሰው ግን እንጨትን የሚያህል የለም። በተራ መጋዝ ይቆረጣል፣ በብሎን ይያያዛል፣ አንዱ ጎኑ ቢበላሽ ተፈትቶ ይቀየራል።

ለወፍ ጥሬ መበተን የቆየ ልማድ ነው። ለዚሁ ተብለው ከተሠሩ ቀደምት ዕቃዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ፍሪማን ዶቫስተን እ.ኤ.አ. በ1825 የገለጸው ነው። የከብት ገንዳ ወስዶ ወፎች የሚያርፉባቸውን እንጨቶች ገጠመበትና «ኦርኒቶትሮፍ» (ወፍ መመገቢያ እንደ ማለት ነው) አለው። በብርዱ ወራት 23 ዓይነት ወፎች እንደመጡለት ጽፏል። ከ1890 እስከ 1891 በነበረው ከባድ ብርድ ደግሞ የእንግሊዝ ጋዜጦች ሕዝቡ ለወፎች ምግብ እንዲያወጣ ጠየቁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የፋብሪካ ምርቶች ገበያውን ሞሉት።

በቤት የሚሠሩት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዝቅተኛ ጠርዝ ያለው ትሪ ነው። ሥራው ቀላል ነው፣ ትልቅም ትንሽም ወፍ ያርፍበታል። ግን ኩሱም ዝናቡም ጥሬው ላይ ይወርዳል። ሁለተኛው ጎተራ መሳይ ነው። ጥሬው በሁለት ዘንበል ያሉ ግድግዳዎች መሃል ይቀመጥና ከታች ባለው ክፍተት በራሱ ይወርዳል። ክፍተቱ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከጠበበ የሱፍ አበባ ፍሬ ይወተፍበታል፣ ከሰፋ ጥሬው ይዘረገፋል።

ለጣውላው 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ኮምፔንሳቶ ውጭ ሲቆይ ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ አሮጌ እንጨት ደግሞ ጨርሶ አይነካ። አንዳንዱ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት። አሜሪካ ውስጥ አርሴኒክ ያለበት እንጨት ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት መመረቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ነው። ብሎን ጠርዝ አካባቢ ሲገባ ጣውላው ስለሚሰነጠቅ ቀዳዳውን አስቀድሞ በድሪል መብሳት ያስፈልጋል። ብሎኑም የማይዝግ ይሁን። ጣሪያው ከጎኖቹ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣ ይበል፣ ጥሬ ለመጨመርም በማጠፊያ ይከፈት። ቀለም ከተቀባም ከውጭ ብቻ ነው።

የሥራው ልብ ግን ወለሉ ነው። ዝናብ ካለፈ በኋላ ከመመገቢያው ጥግ አንድ ፍሬ አንስታችሁ እዩ። አብጧል፣ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል፣ ይሸታል። ጣውላ ውሃ የሚጠጣው ከሁሉ በላይ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ስለሆነ ጥግ ጥጉ ቶሎ አይደርቅም። 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች መብሳት ይረዳል። ከዚያ የሚሻለው ግን በወንፊት ሽቦ የተሠራ፣ እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣ ወለል ነው። ዕቃው ሲታሰብም ከዚህ ቢጀመር ጥሩ ነው። እንዴት እንደሚታጠብ ያልታሰበበት መመገቢያ የቱንም ያህል ቢያምር ወፎቹን ይጎዳል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ቤት ፊንች በሚባሉ ትናንሽ ጥሬ ለቃሚ ወፎች ላይ የዓይን በሽታ ታየ። በብሪታንያ ከ2005 ጀምሮ የተዛመተው፣ የወፎችን ጉሮሮ የሚያጠቃው የትራይኮሞናስ በሽታ የአረንጓዴ ፊንቾችን ቁጥር ክፉኛ ቀንሷል። ወፎች በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ በሽታ እንደሚተላለፍ የሚያከራክር አይደለም። እንጨት እርጥበት ስለሚይዝ ፕላስቲክ ይሻላል የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፣ ግን ወለሉ የሚወጣና በደንብ የሚደርቅ የእንጨት መመገቢያም በንጽሕና ሊያዝ ይችላል። በየሁለት ሳምንቱ አራግፎ፣ በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ድርቅ እስኪል መጠበቅ ነው። የታመመ ወፍ ከታየ ምግቡ ለጥቂት ሳምንታት ይቁም።

የሚሰቀልበት ቦታም ይታሰብበት። ከመስኮት ወይ 1 ሜትር ባልሞላ ርቀት ወይ ከ10 ሜትር በላይ ይሁን። ቅርብ ከሆነ ወፏ ፍጥነት ሳታገኝ ስለምትደርስ መስታወቱ ክፉኛ አይመታትም። ድመት የሚያደፍጥበት ቁጥቋጦም ጥጉ ሥር አይኑር። አዲስ መመገቢያ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ወፍ ዝር ሳይልበት ይቆያል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትመጣው አንዷ ጠርዙ ላይ አርፋ ዙሪያዋን ታያለች፣ አንድ ፍሬ ነጥቃ ትበራለች፣ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ትፈለፍላለች፣ ከዚያ ትመለሳለች።